የቀጭን ልጅ ስኳር

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ስኳር ይዞት የሚመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከሲታ ነው። ሕመሙን ያመጣው የገዛ መከላከያው ነው ወይስ ሌላ ነገር? መልሱ በደሙ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ምልክቶች ይጀምራል።

ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ውኃ አያረካውም። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ተነሥቶ ጓሮ ይወጣል፤ ሲመለስ በጨለማ ጆጉን ይዳብሳል። ጠዋት ላይ እናቱ የሸናበትን ቦታ ጉንዳን ወርሮት ታገኘዋለች። ቆጮውን ከእኩዮቹ እኩል ይበላል፤ ሱሪው ግን ከወገቡ አልቆም ብሏል። መጀመሪያ «ወስፋት ይሆናል» ተባለና ክኒን ዋጠ። ቀጥሎ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ሌላ ክኒን ተሰጠው። በአራተኛው ሳምንት ማስመለስ ጀመረ። ትንፋሹ ጠልቆ ፈጠነ፤ ከአፉም የበሰለ ፍራፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ይወጣ ጀመር። «ሳንባ ምች ነው» ያለም ነበር። እንደ ምንም በባጃጅ አስፋልት ደርሶ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሆሳዕና ገባ።

ስሙን ያልጻፍኩት አንድ የተወሰነ ልጅ ስላልሆነ ነው። አንደኛው ዓይነት (ታይፕ ዋን) የስኳር ሕመም ሲጀምር የሚሄድበትን የተለመደ መንገድ እንዲያሳይ የሣልኩት ነው። ከሶሮ ቢመጣ፣ ከባደዋቾ ወይም ከቃጫ ቢራ፣ መንገዱ ብዙ አይለያይም።

ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ነርሷ ጣቱን ወግታ ጠብታ ደም ከስትሪፑ ጫፍ ታስነካለች። መሣሪያው ቁጥር መጻፍ አቅቶት «ሃይ» ብሎ ይቆማል፤ ስኳሩ መለኪያው ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ሽንቱ ውስጥ የተነከረችው ወረቀት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ትለወጣለች፤ ኬቶን አለ። ሳላይን ይንጠለጠላል፣ ሬጉላር ኢንሱሊን ይጀመራል።

«እናቴ፣ ልጅዎ ስኳር ነው ያለበት።»

«ስኳር? እኛ ቤት ስኳር የት አለና! ቡናውን እንኳ በጨው ነው የምንጠጣው። ደግሞስ ይህ የሀብታም በሽታ አይደለም?»

የእናትየዋ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። በዓለም ላይ የስኳር ሕመም ተመራማሪዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው፤ ነገሩም ከጨጓራ ጀርባ ከተጋደመች አንዲት ለስላሳ አካል፣ ከቆሽት፣ ይጀምራል።

የሚያበሩት ደሴቶች

ቆሽት ሁለት ሥራ አላት። አብዛኛው ክፍሏ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ያፈስሳል። በዚህ መካከል ተበታትነው የሚገኙ ጥቃቅን የሴል ክምችቶች ደግሞ ሌላ ተግባር አላቸው። እነዚህን ክምችቶች እ.ኤ.አ. በ1869 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በበርሊን በማይክሮስኮፕ አይቶ የመዘገባቸው ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ዛሬም «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ይባላሉ። በደሴቶቹ ውስጥ ያሉት ቤታ ሴሎች ኢንሱሊን ያመርታሉ። ኢንሱሊን ከሌለ የበላነው ስኳር ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ አይገባም፤ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ በሽንት ይፈስሳል። ሰውነትም በረሃብ ላይ ያለ መስሎት ስቡንና ሥጋውን ያነድዳል። ልጁ እየበላ የሚከሳው ለዚህ ነው።

በ1922 ጥር ወር በቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የሞት ፍርድ ነበር። መድኃኒቱ ተገኘ፤ ቤታ ሴሎቹን ማን እንዳጠፋቸው ግን ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። በ1965 ቤልጂጋዊው ሐኪም ዊሊ ጌፕትስ ሕመሙ ከጀመራቸው ብዙም ሳይቆዩ የሞቱ ሰዎችን ቆሽት መርምሮ ደሴቶቹ በነጭ የደም ሴሎች ተከብበው እንዳገኛቸው ጻፈ። የሰውነት መከላከያ የገዛ ወገኑን ማጥቃቱን የሚጠቁም ማስረጃ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ በለንደን ጂያን ፍራንኮ ቦታዞና ዲቦራ ዶኒያክ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ነገሩን በደም ውስጥ አዩት። ዘዴው እንዲህ ነበር፦ የሰው ቆሽት በበረዶ ጠጥሮ እንደ ወረቀት በሳሳ መጠን ይቆረጥና በመስታወት ላይ ይዘረጋል። የታማሚው የደም ውኃ፣ ማለትም ሴረም፣ ይፈስስበታል። ከዚያ የሰው አንቲቦዲ ያለበትን ቦታ ፈልጎ የሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም ይጨመርበታል። ማይክሮስኮፑ ሲበራ ሌላው የቆሽት ክፍል ጨለማ ሆኖ ይቀርና ደሴቶቹ ብቻ በአረንጓዴ ብርሃን ይታያሉ። በታማሚው ደም ውስጥ የገዛ ደሴቶቹን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ነበር።

አንቲቦዲ የምንለው መከላከያችን ጀርምን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በገዛ አካል ላይ ሲዞር «አውቶአንቲቦዲ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዒላማዎቹ አንድ በአንድ ተለይተዋል። በ1983 ኢንሱሊን ራሱ ዒላማ እንደሚሆን ታወቀ። በ1990 ደግሞ ለዓመታት በክብደቱ ብቻ ሲጠራ የኖረው አንድ ፕሮቲን ማንነቱ ተገለጠ፤ «ጋድ» የሚባለው ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። ጋድ በአንጎልም ውስጥ ስላለ፣ ፍንጩን የሰጡት ሰውነታቸው እንደ እንጨት የሚገትርባቸው፣ ብርቅ በሆነ የነርቭ ሕመም የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ቀጥሎ «አይኤ-2» መጣ። በ2007 ዚንክን ወደ ኢንሱሊን ማከማቻ የሚያስገባው «ዚንክ ቲ8» ተጨመረ። ዛሬ ላቦራቶሪዎች የሚፈልጉት እነዚህን አራቱን ነው።

ዱካው አልበላም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ ይሳሳታል። አንቲቦዲው ከተገኘ ቤታ ሴሉን የሚገድለው እሱ ነው ማለት ይመስላል። አይደለም። በበረት ደጃፍ ላይ የታየ የጅብ ዱካ ጥጃውን አልበላም፤ ማን እንደበላው ግን ይናገራል። ቤታ ሴሎቹን በዋናነት የሚያጠፉት ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አውቶአንቲቦዲው የእነሱ ዘመቻ መጀመሩን የሚያሳውቅ ምልክት ነው።

ይህን የሚያሳዩ ሁለት ማስረጃዎች አሉ። አንደኛው ከእናትና ልጅ ነው። አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባት እናት ስትወልድ አንቲቦዲዎቿ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፈው በሕፃኑ ደም ውስጥ ይገኛሉ። ሕፃኑ ግን በዚህ ምክንያት ስኳር አይዘውም፤ በወራት ውስጥ የእናቱ አንቲቦዲ ተሟጥጦ ይጠፋል። ሁለተኛው በ2001 የታተመ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ በተፈጥሮው አንቲቦዲ ማምረት የማይችል ነበር፤ ሆኖም በ14 ዓመቱ አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያዘው። ጥቃቱ ያለ አንቲቦዲም ሊፈጸም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

ታዲያ ምልክት ብቻ ከሆነ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ቀድሞ መታየቱ ነው። በ2013 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በአሜሪካ፣ በፊንላንድና በጀርመን ከ13,000 የሚበልጡ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተከታትሏል። ሁለትና ከዚያ በላይ አውቶአንቲቦዲ ከተገኘባቸው ልጆች 70 በመቶ የሚሆኑት በ10 ዓመት ውስጥ ስኳር ያዛቸው። አንድ ብቻ ከነበራቸው ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ የታመሙት 15 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ሕመሙ ውኃ ጥሙ የጀመረበት ሳምንት አይጀምርም ማለት ነው፤ ከዓመታት በፊት በዝምታ ተጀምሯል። በ2022 መጨረሻ አሜሪካ የፈቀደችው ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የተሠራው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው። ቲ ሴሎቹን በማለዘብ፣ ሁለት አንቲቦዲ ያላቸውና ስኳራቸው መዛባት የጀመረ ሰዎች የሚታመሙበትን ጊዜ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ ያዘገያል። ዋጋው ገና ለአገራችን የሚቀመስ አይደለም።

    

ከጎንደር የመጣ መልስ

የእናትየዋ ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ በድሃ ቤት የከሳ ልጅ ስኳር የሚይዘው ለምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ከጠየቁ ቆይተዋል። ፕሮፌሰር ጀማል አብዱልቃድር በአዲስ አበባ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የሚመስለውን የስኳር ሕመም ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው በ1990 አሳትመዋል። እንዲህ ያሉት ታማሚዎች ወጣትና ከሲታ ናቸው፤ ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ኢንሱሊኑ ቢቋረጥባቸው እንኳ እንደ አውሮፓው ታማሚ ቶሎ በኬቶን አይመረዙም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ይህን ሕመም ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው አይበቃም ብሎ ከዝርዝሩ አወጣው። በ2011 ደግሞ በመቀሌ የተደረገ ጥናት በታማሚዎች መካከል ከምግብ እጥረት ጋር ሊያያዝ የሚችል ለየት ያለ ቡድን መኖሩን ጠቆመ።

ነገሩን በደምና በዘር ምልክቶች በስፋት የፈተኑት የጎንደር ሐኪሞች ናቸው። ሽታዬ ዓለሙ ባልቻ ከኢትዮጵያውያንና ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2020 ያሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ሕመሙ በቅርቡ የታወቀላቸውን፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውንና ከ35 ዓመት ያልበለጡ 236 አማሮችን ከ200 ጤነኞች ጋር አነጻጽሯል። ታማሚዎቹ ቁመታቸው የቀጨጨ፣ ክብደታቸው ያነሰ ነበር። በ15 ዓመት ወይም ከዚያ በፊት የታመሙት 15.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በአውሮፓ የልጅነት በሽታ የሚባለው እዚህ በወጣትነት ይመጣል።

ውጤቱ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ሆነ። እስከ 15 ዓመት ድረስ ከታመሙት 86.1 በመቶ፣ ከ16 እስከ 25 ባሉት 59.7 በመቶ፣ ከ26 እስከ 35 ባሉት ደግሞ 50 በመቶ አውቶአንቲቦዲ ተገኘባቸው። በአብዛኛው የተገኘው አንድ ብቻ፣ ጋድ ላይ ያነጣጠረው ነው፤ አይኤ-2 እና ዚንክ ቲ8 በሁሉም የዕድሜ ክልል ጥቂት ነበሩ። በዘር የሚወረሱት ምልክቶችም መሰከሩ። በአውሮፓውያን ዘንድ ለዚህ ሕመም የሚያጋልጡት ኤችኤልኤ ዲአር3 እና ዲአር4 እዚህም ያጋልጣሉ፤ እዚያ የሚከላከለው ዲአር15 እዚህም ይከላከላል። ጥናቱ የደረሰበት መደምደሚያ፣ አብዛኞቹ ከሲታ ወጣቶች የታመሙት የገዛ መከላከያቸው ቆሽታቸውን በማጥቃቱ ነው የሚል ነው። ድህነቱ በአካላቸው ላይ ይታያል፤ ዱካው ግን የመከላከያ ነው።

ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ2025 በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 894 ወጣት ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ታተመ፤ «ታይፕ ዋን» ተብለው ይታከሙ ከነበሩት 65 በመቶ የሚሆኑት ምንም አውቶአንቲቦዲ አልተገኘባቸውም። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። አንዱ ጥናት አፍሪካ ውስጥም መከላከያ ነው አለ፤ ሌላው በብዙዎቹ አይደለም አለ። ሁለቱም በየመረመሩት ሕዝብ እውነት ናቸው። የአንዱ ሕዝብ ውጤት ለሌላው እንደማይበቃ የሚያስተምረንም ይኸው ነው።

በእንሰት አገር

የሐዲያና የከምባታ ምድር የእንሰት ምድር ነው። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ተደርድሮ ይታያል፤ ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ባለችው ዱራሜ ዙሪያም እንዲሁ ነው። እንሰት ድርቅን ችሎ ሕዝቡን ከብዙ ረሃብ አትርፏል፤ ባለውለታ ተክል ነው። ይሁንና ቆጮው ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ቡላው ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች ነው። ከአይብ፣ ከወተት፣ ከጎመንና ከባቄላ ጋር ሲበላ ምግቡ ይሟላል። ላም የሌለው፣ መሬቱ የጠበበው ቤተሰብ ግን ልጆቹን በቆጮ ብቻ ያሳድጋል። የሰው ብዛትና የመሬት ጥበት በተገናኙበት በዚህ አካባቢ ይህ ያልተለመደ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሆሳዕና የገባው ልጃችን ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ አካል የተገናኙበት ነው። የጋድ አንቲቦዲ ሊኖረው ይችላል። በማኅፀንና በሕፃንነት ባጣው ምግብ ምክንያት ቆሽቱ ሳያድግ ቀርቶም ይሆናል። ወይም ሁለቱም ተደርበውበት ይሆናል። ዓይን አይቶ፣ እጅ ዳስሶ ይህን መለየት አይችልም። የሚለየው ደም ነው፦ አንቲቦዲው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ሲ-ፔፕታይድ። ቆሽት አንድ የኢንሱሊን ሞለኪውል ባመረተች ቁጥር አንድ ሲ-ፔፕታይድ አብራ ትለቅቃለች፤ በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ግን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። ስለዚህ ልጁ የራሱ ኢንሱሊን ምን ያህል እንደቀረው በዚህ ይታወቃል።

ምርመራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ወቅትም አለው። የኢንሱሊን አንቲቦዲ መለካት የሚጠቅመው መርፌ ከመጀመሩ በፊት ወይም በጣት በሚቆጠሩ ቀናት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት በመርፌ ለገባው ኢንሱሊንም አንቲቦዲ ስለሚያመርት ውጤቱ ይደባለቃል። የጋድ አንቲቦዲ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ቢሆንም ከጊዜ ጋር የሚጠፋበት ሰው አለ። ልጁ ድንገተኛ ክፍል በገባ ቀን የሚቀዳ አንድ ብልቃጥ ደም፣ ሴረሙ ተለይቶ በጥልቅ ማቀዝቀዣ ቢቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ ከሚቀዳ ብዙ ደም የበለጠ ይናገራል።

ዛሬ የሚደረገው

ምርመራው የለም ማለት ሕክምናው ይቆይ ማለት አይደለም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። የከሳ፣ ውኃ የጠማው፣ ኬቶን ያለበት ልጅ አንቲቦዲው ቢኖርም ባይኖርም ኢንሱሊን ዛሬውኑ ይጀመርለታል። አንቲቦዲ «የለውም» የሚል ውጤት ቢመጣም ማንም በራሱ ፈቃድ መርፌውን ማቆም የለበትም። በጸሎት ተስፋ የሚያደርጉ ቤተሰቦች በዚህ አካባቢ ብዙ ናቸው፤ ጸሎቱና መርፌው አይጣሉም። መርፌውን አቋርጦ መጸለይ ግን በቀናት ውስጥ ልጅን ይነጥቃል።

በተቃራኒው ደግሞ ስኳር በአርባ ዓመቱ የታወቀበት፣ ከሲታ የሆነ፣ ክኒን ቢውጥም ስኳሩ አልወርድ ያለ ገበሬ ወይም ነጋዴ አለ። «መድኃኒትህን አትወስድም፣ አመጋገብህን አልጠበቅክም» ተብሎ ይወቀሳል። የጋድ አንቲቦዲ የሚታየው በልጆች ብቻ አይደለም፤ በአዋቂዎችም ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ የመከላከያ ጥቃት አለ። አንቲቦዲው የተገኘበት ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ነው።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ እናቱ ሁለት ብልቃጥ ይዛ ትሄዳለች። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ በቤቷ ግን ፍሪጅ የለም። ነርሷ የምታስተምራት ዘዴ አለ። አንድ ሰፊ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ይደረጋል፣ ትንሹ ሸክላ አሸዋው መሐል ይቀመጣል። ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጡ ይገባል፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይከደናል። ጥላ ሥር ይውላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፤ በመጠቀም ላይ ያለውን ብልቃጥ ግን ከቆላው ሙቀት ያድናል።  የተከፈተው ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣላል።

ስትሪፕ ሌላ ወጪ ነው። ከዚህ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ወንድም ወይም አጎት ያለው ቤተሰብ ከሚላከው ገንዘብ ይገዛል፤ የሌለው ስኳሩን የሚለካው በቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ኢንሱሊኑን እንጂ የቤት መለኪያውን ካልሸፈነ ልጁ የሚወጋው በግምት ነው ማለት ነው። ግምቱ ሲበዛ በእንቅልፍ ላይ ራሱን ይስታል፤ ሲያንስ ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል።

በዚህ አካባቢ ሦስት ነገር መሆን ይችላል፤ ሦስቱም ከአቅም በላይ አይደሉም። የመጀመሪያው በጤና ጣቢያና በየክሊኒኩ ነው፦ ለታይፎይድ፣ ለወባ ወይም ለሳንባ ምች የመጣ፣ እየከሳ ብዙ የሚሸና ማንኛውም ልጅ ጣቱ ይወጋ። አንዲት ጠብታ ደም አራት ሳምንት ታተርፋለች። ሁለተኛው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በትምህርት ቤቶች በኩል ነው፦ ሽንት ላይ የሰፈረ ጉንዳን፣ የማይጠግብ ውኃ ጥምና መክሳት አንድ ላይ ሲገኙ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛም፣ በሐዲይኛም፣ በከምባትኛም ይነገር። ሦስተኛው የአካባቢው ትልቅ ሆስፒታል፣ በሆሳዕና የሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ፣ እና ባለቤቱ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሊሠሩት የሚችሉት ነው፦ አዲስ የታወቀ ወጣት ታማሚ በገባ ቁጥር፣ በቤተሰቡ ፈቃድ፣ አንድ ብልቃጥ ሴረም ይቀመጥ፤ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የሚበላውም ይመዝገብ። ጎንደር ይህን አድርጋ ዓለም የሚጠቅሰው መልስ አግኝታለች።

እናትየዋ «እኛ ቤት ስኳር የት አለ?» ብላ የጠየቀችው እውነተኛ መልስ ይገባታል። ልጁ የታመመው በበላው ጣፋጭ እንዳልሆነ፣ እሷም ያጠፋችው ነገር እንደሌለ ዛሬውኑ ልንነግራት እንችላለን። ታናሽ እህቱም እንዲህ ትታመም እንደሆን ስትጠይቅ ግን በአውሮፓ ልጆች የተሠራ ቁጥር ሊነገራት አይገባም፤ በሐዲያና በከምባታ ልጆች ደም ላይ የተመሠረተ መልስ ማግኘት መብቷ ነው። ያን መልስ ለማግኘት የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ፣ መዝገብና የሚተጉ ሰዎች ናቸው፤ ሥራውም በሚቀጥለው ታማሚ ሊጀመር ይችላል።